አምላክ ሥጋ ሲለብስ፦ የፋንታሲ ጸሐፊ ሊያስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ለምናባዊ ዓለም አማልክት መፍጠር ብዙም አይከብድም። ጣጣው የሚመጣው ከአማልክቱ አንዱ ሰው ልሁን ሲል ነው።

መምሰልን ከመሆን ጋር ማምታታት

በግሪኮች አፈ ታሪክ አቴና የምትባለው አምላክ የጀግናውን የኦዲሴየስን ወዳጅ የሜንቶርን መልክ ይዛ ትመጣለች። ጉዳይዋን ስትጨርስ መልኩን ትታው ትሄዳለች። የሂንዱው አምላክ ቪሽኑ ግን ራማ ሆኖ ከእናት ይወለዳል፣ ያድጋል፣ ያገባል፣ ሚስቱ ስትጠለፍበት ያለቅሳል። ሦስተኛው መንገድ አምላኩ ቀድሞ በሚኖር ሰው ላይ ማደሩ ነው። የፈለጋችሁትን ምረጡ። ሦስቱንም ከፈለጋችሁ ግን የትኛው መቼ እንደሚሆን ቁርጥ ያለ ሕግ አውጡ።

ሰውየውን መርሳት

ለእኔ ከሁሉም የከፋው ይህ ነው። አምላክ ያደረባት ልጃገረድ ድንገት ድምፅዋ ይጎረንናል፣ ዓይኗ ያበራል፣ ከዚያ ወዲያ ስለ ልጅቷ የሚጠይቅ የለም። የት ገባች? ተኝታለች ወይስ ከውስጥ ሆና ታያለች? እጇ ሰው ሲገድል ይሰማታል? እናቷስ የምታቅፈው ማንን ነው?

በኔፓል ካትማንዱ ታሌጁ የምትባለው አምላክ በአንዲት ትንሽ ልጅ ላይ ታድራለች ተብሎ ይታመናል። ልጅቷ ኩማሪ ትባላለች። የአገሪቱ ነገሥታት ሳይቀሩ በረከቷን ለመቀበል ይንበረከኩላት ነበር። የወር አበባ ስታይ ግን አምላኳ ትለያታለች ይባላል፤ በቦታዋም ሌላ ሕፃን ትመረጣለች። እግሯ መሬት እንዳይነካ በሰው ክንድ ትወሰድ የነበረች ልጅ እንደማንኛውም ሰው መንገድ መሻገር ትለማመዳለች ማለት ነው። እውነቱን ለመናገር፣ አምላክ ከገባባት ሴት ይልቅ አምላክ የወጣላት ሴት ታሪክ ይበልጥ ይስበኛል። ማንም አይጽፈውም እንጂ።

ኃይሉን ሁሉ ይዞ መውረድ

ተራራ የሚንድ ከሆነ ሥጋ ምን ያደርግለታል? የራማን ሚስት የጠለፈው የአጋንንት ንጉሥ ራቫና ከፈጣሪው አምላክ ከብራህማ ስጦታ ሲቀበል አማልክትም አጋንንትም እንዳይገድሉት ለመነ። ሰውን ስለናቀ ከዝርዝሩ ተወው። ስለዚህ ቪሽኑ እሱን ለመግደል የግድ ሰው ሆኖ መወለድ ነበረበት። እዚህ ታሪክ ውስጥ ደካማው ሥጋ ራሱ መሣሪያው ነው። የእናንተ አምላክም ሰው በመሆኑ ብቻ የሚችለው አንድ ነገር ይኑረው።

ሁሉም ወዲያው ማመኑ

ተአምር ታየ፣ ሕዝቡ ተንበረከከ፣ አለቀ። እንዲህ አይሆንም! የቲቤት ቡድሂስቶች መሪያቸው ዳላይ ላማ ሲሞት በሌላ ሕፃን ሥጋ ዳግም ይወለዳል ብለው ያምናሉ። 13ኛው ዳላይ ላማ በ1933 እ.ኤ.አ. ካረፉ በኋላ ግን ተተኪያቸው ዝም ብሎ አልታወጀም። ገና 2 ዓመት የሆነው ሕፃን የሟቹን መቁጠሪያና ምርኩዝ ከሌሎች ተመሳሳይ ዕቃዎች ለይቶ እንዲያነሣ ተፈትኗል። በእናንተ ዓለም ፈታኙ ማን ነው? ጉቦ ይበላል? የሁለት ቤተ መቅደስ ካህናት ሁለት ልጆች ይዘው ቢመጡስ?

ሌላም አለ። ሕፃኑ እስኪያድግ ቲቤትን የሚያስተዳድረው እንደራሴ ነበር። ሥልጣን የጣመው እንደራሴ አምላኩ ባያድግለት ይወዳል። ለክፉ ገጸ ባሕርይ ከዚህ የተሻለ ምክንያት ከየት ይመጣል?

«ለምን አሁን?» አለማለት

ለሺህ ዓመት ዝም ያለ አምላክ ልክ ዋናው ገጸ ባሕርይ ሲቸገር ከወረደ፣ የወረደው ለጸሐፊው ብሎ ነው።

ሞቱን ሳያስቡ መጀመር

ሥጋው ሲሞት አምላኩም ይሞታል? ወደ ሰማይ ይመለሳል? ሌላ ሰው ላይ ያድራል? መልሱን አንባቢው ባያውቀውም የአምላኩ ጠላቶች ማወቅ አለባቸው፤ ዕቅዳቸው የሚወሰነው በዚህ ነውና። ወዲያው ሌላ ሰው ላይ የሚያድር ከሆነ ብልህ ጠላት አይገድለውም። ይልቁንስ አሥሮ፣ በደንብ ቀልቦ፣ ሐኪም መድቦለት ዕድሜውን ያስረዝምለታል።