ቤንዚን ለመቆጠብ የሞተሩን መተንፈሻ ማስተካከልና የዘይት ጣሳ መግጠም

አቦ የድሬ እና የሐረር ጀማ ሰላም ነው? ብዙ ሰው መኪናዬ ቤንዚን በዛባት ሲል ካንዴላ ይቀይራል፣ ፊልትሮ ይቀይራል፣ ካርብሬተር ያስበትናል፣ አንዲት ትንሽ ቫልቭ ግን ማንም አያያትም፣ ፒሲቪ ትባላለች፣ የሞተሩ መተንፈሻ ናት። እኔ በዚች ቫልቭ ምክንያት ብዙ ብር አውጥቻለሁ ስለዚህ እናንተ እንዳታወጡ ከልቤ ነው ምፅፈው፣ መጨረሻ ላይ ደሞ የዘይት ጉሙን ሚይዘው ጣሳ እንዴት እንደሚገጠም እነግራችኋለሁ።

መጀመሪያ ነገርየው ምንድነው። ቤንዚኑ ሲነድ ግፊቱ ሁሉ ፒስተኑን አይገፋም፣ ትንሹ ፒስተኑን በከበቡት ሪንጎች ጎን አምልጦ ወደ ሞተሩ ሆድ ይወርዳል፣ እዛ ደሞ ያልነደደ ቤንዚን፣ የውሃ እንፋሎትና የዘይት ጉም ይደባለቃል። ይሄ መውጫ ካላገኘ ግፊቱ ዘይቱን በየማሸጊያ ጎማው በየጓርኒሲዮኑ ያስወጣዋል። በድሮ ጊዜ ብዙ መኪኖች ላይ አንድ ቱቦ ወደ መሬት ተለቆ ሁሉም ወደ ውጪ ይተፋ ነበር፣ አሁን ግን በፒሲቪ በኩል ወደ ማኒፎልድ፣ ማለትም አየር ወደ ሞተሩ ሚገባበት ቧንቧ፣ ተመልሶ ይቃጠላል። ቫልቯ ውስጥ ስፕሪንግና ትንሽ ፒስተን አለች፣ ሚኒሞ ላይ (ቤንዚን ሳይረገጥ ሞተሩ ቆሞ ሲሰራ) የማኒፎልዱ ስበት ከባድ ስለሆነ ታጠባለች፣ ረጋ ብላችሁ ስትነዱ በደንብ ትከፍታለች፣ እስከመጨረሻው ስትረግጡ ደሞ ስበቱ ስለሚጠፋ የተረፈው ጭስ በሌላኛው ቱቦ ወደ አየር ፊልትሮው ቤት ይሄዳል።

ቤንዚኑ ጋ ሚያገናኘው ምንድነው ካላችሁ፣ ቫልቯ ተከፍታ ከቀረች ሚኒሞ ላይ ያልተፈለገ አየር ይገባል፣ ሞተሩ ይንቀጠቀጣል፣ ዘይትም ይስባል። ተዘግታ ከቀረች ዘይቱ ቶሎ ይጠቁራል ይወፍራል። ደና ብትሆን እንኳን የዘይት ጉሙ ከቤንዚኑ ጋር ሲገባ ሞተሩ ሲጫን ቤንዚኑ ያለአግባብ ነዶ በቀላሉ እንዲያንኳኳ ያደርጋል። ድሬ ከባህር ጠለል 1,200 ሜትር ገደማ ናት፣ ወደ ሐረር ስትወጡ ደንገጎ ጫፍ ላይ ስትደርሱ ከ2,000 በላይ ናችሁ፣ ያን አቀበት ሰው ሞልታችሁ በሁለተኛ ስትወጡ ሞተሩ ያለውን ሁሉ ነው ሚሰጠው፣ ያኔ ሞተሩ ካንኳኳ አዳዲሶቹ መኪኖች ኮምፒውተሩ የካንዴላውን እሳት ያዘገይና ጉልበት ይቀንሳል፣ እናንተ ደሞ የበለጠ ትረግጣላችሁ፣ ቤንዚኑ እዛ ላይ ነው ሚያልቀው።

አንድ ነገር እለምናችኋለሁ፣ ቱቦውን ነቅላችሁ ወደ መሬት እንዳትለቁት። የኔ ኮሮላ ዘይት ትስባለች ተብሎ አንድ ጋራዥ ቱቦውን ነቅሎ በሁለቱም በኩል በቡሎን ደፈነው፣ ለሳምንት ደስ አለኝ። ከዛ በቀረችው ቀጭን መተንፈሻ ብቻ ግፊቱ አልወጣ አለና የኋላው ፓራሊዮ (የዘይት ማሸጊያ ጎማ) ዘይት መልቀቅ ጀመረ፣ ዘይቱ ፍሪሲዮኑን አበላሸውና ካምቢዮ እስከማውረድ ደረስን። ክፍት አድርጎ መተውም አይሆንም፣ ሽታው መኪና ውስጥ ይገባል፣ ከታች ያለፊልትሮ የተከፈተ ቱቦ ደሞ የድሬን አቧራ አስቡት፣ አቧራ ዘይት ውስጥ ገባ ማለት ሪንጉን በአሸዋ ወረቀት መሞረድ ነው።

ስለዚህ ከመቀየራችሁ በፊት ያለውን መርምሩ። ሞተሩ ጠፍቶ ቀዝቅዞ ቫልቯን ንቀሉና ጆሮአችሁ ጋ አድርጋችሁ አራግፏት፣ ቅጭ ቅጭ ካለች ውስጧ ይንቀሳቀሳል ማለት ነው፣ ዝም ካለች በካርብሬተር ማጽጃ ስፕሬይ እጠቧት፣ አሁንም ዝም ካለች አዲስ ግዙ፣ ርካሽ ዕቃ ናት። ቅጭ ማለቷ ብቻ ግን ደና ናት ማለት አይደለም ስፕሪንጉ ሊደክም ይችላል፣ ስለዚህ ቱቦዋ ላይ እንደተሰካች ሞተሩን አስነሱና ሚኒሞ ላይ ጫፏን በጣት ድፈኑ፣ ስበት ሊሰማችሁ ይገባል። ከዛ ቫልቯን መልሳችሁ የዘይት መሙያውን ክዳን አውጡና ቀጭን ወረቀት አስቀምጡበት፣ ቀስ ብሎ ወደ ውስጥ ከተሳበ ጤነኛ ነው፣ ወረቀቱ ከተወረወረና ጭስ ከወጣ ችግሩ ቫልቭ ላይሆን ይችላል ሪንጎቹ አልቀዋል፣ እዛ ላይ ጣሳ ምንም አያደርግላችሁም፣ ሞተሩን ማሳየት ነው። የደረቁ የተሰነጠቁ ቱቦዎችንም ቀይሩ፣ የድሬ ሙቀት ጎማ ያደርቃል ታውቁታላችሁ።

ይሄ ሁሉ ደና ከሆነ ነው ወደ ጣሳው ሚኬደው። ሀሳቡ ቀላል ነው፣ ከፒሲቪ ወደ ማኒፎልድ ሚሄደው ቱቦ መሀል ላይ የብረት ጣሳ ይገባል፣ ጭሱ ውስጡ ሲዞር ቀዝቀዝ ይልና ዘይቱና ውሃው ታች ይቀራል፣ ንፁሁ ይቀጥላል። ተሰርቶ የሚሸጥ አለ፣ ካጣችሁ በበያጅ ማሰራት ይቻላል። መግቢያው ከላይ ገብቶ ወደ ታች ወረድ ያለ ይሁን፣ መውጫው ከክዳኑ ላይ ይሁን፣ ታች ደሞ ማፍሰሻ ቡሎን ይኑረው። ውስጡ ዕቃ ማጠቢያ የማይዝግ ጥቅል ሽቦ አድርጉበት፣ ያቺ ምትበጣጠሰው ደቃቅ ሽቦ ግን በፍፁም፣ ብጥስጣሹ ሞተር ውስጥ ገባ ማለት አለቀ፣ ጥቅሉንም ከመውጫው በወንፊት ለዩት። የኮምፕረሰር ውሃ መለያ ሚገጥሙ ሰዎች አሉ፣ የፕላስቲኩን ግን አልመክርም፣ በሙቀትና በዘይት ይሰነጠቃል፣ ሲሰነጠቅ ደሞ አየር ይስባል።

ቱቦው ዘይትና ቤንዚን ሚችል ወፍራም ጎማ መሆን አለበት፣ የውሃ ቱቦ በስበት ይጣበቅና መተንፈሻው ይዘጋል። ስፋቱ ከነባሩ ጋር እኩል ይሁን አታጥብቡት፣ እያንዳንዱን ጫፍ በፋሸታ (በቱቦ ማሰሪያ ቀለበት) እሰሩ። ጣሳውን ንፋስ ሚያገኝበት ቦታ አስቀምጡ፣ ከማርሚታው ቧንቧ መነሻ ግን አርቁት፣ ዘይት ጋለ ብረት ላይ ከተንጠባጠበ እሳት ነው። ጨርሳችሁ ስታስነሱ ሚኒሞው ከድሮው ከተለወጠ ወይ ፉጨት ከሰማችሁ አየር ሚስብ ቦታ አለ፣ ፈልጉት።

ቆጠበልኝ ለማለት ደሞ በስሜት አይሆንም። አንድ ማደያ፣ አንድ ማሽን፣ ራሱ እስኪቆርጥ ሙሉና ኪሎ ሜትሩን ፃፉ፣ የጎማ ንፋስ እኩል ይሁን፣ ድሬ ሐረር ደርሶ መልስ እንደተለመደው ስሩና መልሳችሁ ሙሉ። ለምሳሌ 310 ኪሎ ሜትር ሄዳችሁ 28 ሊትር ከገባ በሊትር 11 ገደማ ነው። ከመግጠማችሁ በፊት ሦስቴ፣ ከገጠማችሁ በኋላ ሦስቴ። መውረጃና መውጫው አንድ ላይ ካልተቆጠረ ቁጥሩ ይዋሻል ምክንያቱም ከሐረር ወደ ድሬ ስትወርዱ ማንኛውም መኪና ቆጣቢ ነው። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ቫልቩ ተበላሽቶ የነበረ መኪና ላይ ለውጡ ይታያል፣ ጤነኛ ላይ ግን ከጣሳው ብቻ ብዙ ቤንዚን አትጠብቁ፣ ጥቅሙ ማኒፎልዱና የሞተሩ ቫልቮች ንፁህ መቆየታቸው ነው።

የመጀመሪያ ወር በየሳምንቱ ከፍታችሁ እዩት፣ ከዛ ዘይት በቀየራችሁ ቁጥር ይበቃል። ሐረር ሚያድሩ መኪኖች ላይ በብርዱ ጊዜ ወተት የመሰለ ነገር ታገኛላችሁ፣ ውሃ ከዘይት ጋር ተመትቶ ነው አትደንግጡ፣ ግን ዲፕስቲኩም (የዘይት መለኪያው ዘንግ) ላይ ከታየ የቴስታታ (የሞተሩ ራስ) ጓርኒሲዮን አስመርምሩ። የወጣውን መልሳችሁ ሞተር ውስጥ አትጨምሩት፣ ደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይም አትድፉት፣ በጀሪካን አጠራቅማችሁ ከተቃጠለ ዘይት ጋር ለሚሰበስበው ጋራዥ ስጡት።