ፈረስ በማደንዘዣ ተኝቶ የደም ግፊቱ ሲወርድ ምን እናድርግ

ጅማ ላይ የጋሪ ፈረስ ለማኮላሸት ወይ ቁስል ለመስፋት በመርፌ በሚሰጡት ማደንዘዣዎች በዛይላዚንና ኬታሚን ሜዳ ላይ ካስተኛችሁት ግፊቱ ብዙም አያስቸግርም፣ ቶሎ ጨርሳችሁ ይነሳል፣ ለሱ ብላችሁ ዶቡታሚን (ልብን የሚያበረታ በጠብታ የሚሰጥ መድሃኒት) ፍለጋ ፋርማሲ ለፋርማሲ አትንከራተቱ። ጣጣው ስራው ረዝሞ በአይሶፍሉሬን፣ በሚተነፈሰው የማደንዘዣ ጋዝ፣ ሲተኛ ነው። ጋዙ በጨመረ ቁጥር ልቡ ይደክማል፣ ደም ስሩ ይላላል፣ ያ ሁሉ ኪሎ ደሞ ከስር ያለውን ጡንቻ ተጭኖታል፣ ደም በደንብ ካልደረሰው ይጎዳና ኦፕሬሽኑ አሪፍ ሄዶ ፈረሱ መነሳት ያቅተዋል። ለዛ ነው አማካይ ግፊቱን ከ70 ሚሊሜትር ሜርኩሪ በላይ የምንይዘው።

ሳይተኛ አንገቱ ላይ ባለው ደም መልስ ውስጥ 14 ጌጅ ካኑላ (ደም ስር ውስጥ የሚቀር ቀጭን ቱቦ) አስገብታችሁ በክር ስፉት። ሲተኛ የፊቱን ማሰሪያ ፍቱ ነርቭ ይጫናል፣ ከስሩ ወፍራም ፍራሽ፣ ከሌለ ጭድ የተሞላ የቡና ጆንያ፣ የታችኛው የፊት እግር ወደፊት ይሳብ።

ሞኒተር የለንም ብሎ መተው የለም። ፊቱ ላይ ያለው አርተሪ ውስጥ 20 ወይ 22 ጌጅ ካኑላ፣ ሄፓሪን (ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ) ያለው ሳላይን የሞላ ቱቦ፣ ጫፉ ላይ የሰው ግፊት መለኪያ ሰዓት። ፈሳሹ ሰዓቱ ውስጥ እንዳይገባ መሀል ላይ አየር ተዉ፣ ፈሳሹና አየሩ የሚገናኙበት ከልቡ እኩል ከፍታ ላይ ይሁን፣ የሚያሳያችሁ አማካዩን ነው። በጣት ብቻ መዳበስ ያታልላል፣ ምቱ ጠንካራ ሆኖ አማካዩ ዝቅ ሊል ይችላል።

ፈሳሽ ሪንገር ላክቴት፣ በሰዓት 5 ሚሊ በኪሎ፣ ለ250 ኪሎ ፈረስ 1250 ሚሊ መሆኑ ነው፣ አንዱ ሚሊ 20 ጠብታ በሚሆንበት የማንጠብጠቢያ ቱቦ በደቂቃ ከ400 ጠብታ በላይ ስለሚሆን ጠብታ መቁጠሩን ትታችሁ ከረጢቱ ስንት እንደቀረው እዩ።

ከ70 ከወረደ መጀመሪያ ጋዙን ቀንሱ፣ እንዳይነቃባችሁ ኬታሚን በእጅ ይኑር። ከዛ ፈሳሹን ወደ 10 ሚሊ ከፍ። ብዙ ደም ከፈሰሰው 7.2% (ጨው የበዛበት) ሳላይን 4 ሚሊ በኪሎ ሰጥታችሁ በሪንገር ተከታተሉ። አሁንም እምቢ ካለ ዶቡታሚን፦ 250 ሚሊግራሙን 500 ሚሊ ኖርማል ሳላይን ውስጥ በጥብጡ፣ ለዛው 250 ኪሎ በዛው ቱቦ በደቂቃ 10 ጠብታ ማለት 1 ማይክሮግራም በኪሎ ነው። ጥቂት ደቂቃ ጠብቃችሁ ለኩ ከዛ ጨምሩ፣ ልቡ ከፈጠነ ወይ ምቱ ከተዛባ ዝጉት፣ ከሰውነቱ ቶሎ ስለሚወጣ አትደንግጡ። ባይካርቦኔት ባለበት መስመር ግን በፍጹም።

የፊቱን ካኑላ ስትነቅሉ ለ5 ደቂቃ ያህል ጫን አርጋችሁ ያዙት አለበለዚያ ያብጣል፣ የአንገቱን ግን ፈረሱ ቆሞ እስኪረጋጋ አትንኩት።