የምግብ ሰንሰለትን ከጥንብ ላይ ማንበብ

ደብረ ብርሃን አካባቢ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ለዓመታት ሰሌዳ ላይ ሣር፣ አህያ፣ ጅብ ስዬ በቀስት እያያያዝኩ ኖሬአለሁ። ጉዳዬ ያለው ተማሪ አልነበረም። አሁን ከከተማ ወጣ ብሎ የተጣለ ጥንብ ስናገኝ ነው የማስተምረው። እናንተም ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሞክሩት።

በማለዳ አትሂዱ። ጆፌ አሞራ መሬቱ ሞቆ አየሩ ካላነሳው መብረር ይከብደዋል። ሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ ይበቃል። መቶ ሜትር ያህል ራቁና ቁጥቋጦ ተከልላችሁ ተቀመጡ። ጥንቡን አትጠጉ፤ እንስሳውን የገደለው አባ ሰንጋ ሊሆን ይችላል። ነፋሱ ከጀርባችሁ ይምጣ፤ ይሄ ለእናንተ አፍንጫ ነው። ጆፌ በዓይኑ ነው የሚያገኘው፤ አንዱ ሲወርድ ያየ ሌላው ይከተላል።

ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚደርሰው ማጅራቱ ላይ ነጭ ያለበት፣ ምንቃረ ወፍራሙ ቁራ ነው። ከዓይን ይጀምራል። ከዚያ ጆፌዎቹ ይወርዳሉ። አንገታቸው ለምን እንደተመለጠ ልጆቹን ጠይቁ፤ መልሱን ግን አትንገሩ። አንዱ እስከ ትከሻው ሆድ ዕቃ ውስጥ ገብቶ በደም ተለውሶ ሲወጣ፣ አንዷ ተማሪዬ "ቲቸር፣ ላባ ቢኖረውማ ማን ያጥብለታል?" አለችኝ።

ማታው የጅብ ነው፤ እዚያ ማምሸት የለም። በማግስቱ ከጥንቡ ራቅ ብላችሁ ዙሪያውን ፈልጉ። እንደ ኖራ የነጣ ኩስ የጅብ ነው፤ ያነጣው የአጥንት ካልሲየም ነው። ጓንትና ማስክ አድርጋችሁ በእንጨት ፈርከስ አድርጉት። ፀጉር ታገኛላችሁ፤ ማን እንደተበላ የሚናገረው እሱ ነው። ቀንድና ሰኮና ግን ለጅብም አይፈጭለትም፤ ከፀጉር ጋር ጠቅልሎ ይተፋዋል። "የጅብ ችኩል ቀንድ ይነክሳል" ያለው ሰው ይህን ሳያይ አልቀረም።

ትግራይ ውስጥ ተመራማሪዎች ይህንኑ ፀጉር እየለዩ አንድ ነገር ደረሱበት። በዐቢይ ጾም ጅብ አህያ መብላት ያበዛል። ሰው ሥጋ ሲተው የልኳንዳ ትርፍራፊ ይጠፋላ! ሲፈሰክ ደግሞ አህያው ይቀንሳል። የእኛ ጾም ጅቡ ሆድ ድረስ ይሄዳል። ሰሌዳዬ ላይ ግን ሰው ስዬ አላውቅም ነበር።

ጥንቡ አጠገብ የሞተ አሞራ ወይም ውሻ ካያችሁ ወዲያው ተመለሱ። ለጅብ የተደረገ መርዝ ሊሆን ይችላል። ለወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ንገሩ፤ ውሻችሁንም እሰሩ።