የ2050ን አንድ ቀን መጻፍ፦ የጥቁር ሴቶችን የአየር ንብረት ውይይት ለምትመሩ

ስለ አየር ንብረት በሚመከርባቸው መድረኮች ጥቁር ሴቶች ብዙ ጊዜ የሚጠሩት የደረሰባቸውን እንዲመሰክሩ ነው። ምስክርነቱ ሲያልቅ ዕቅድ የሚያወጡት ሌሎች ናቸው። እኔ የማወያየው በተቃራኒው ነው፤ የሚመጣውን ዘመን ሴቶቹ ራሳቸው ይጽፉታል፣ ከጻፉት ውስጥም ጥያቄያቸውን ያወጣሉ።

ብዙ ሰው አትጥሩ። በአሜሪካዋ የሉዊዚያና ግዛት የሴንት ጄምስ ነዋሪ የሆነችው መምህርት ሻሮን ላቪን እ.ኤ.አ. በ2018 በኬሚካል ፋብሪካዎች ላይ ትግሏን የጀመረችው ጥቂት ጎረቤቶቿን ቤቷ ሰብስባ ነው። በዓመቱ፣ በአካባቢው ሊተከል የነበረ 1.25 ቢሊዮን ዶላር የተመደበለት የኬሚካል ፋብሪካ ዕቅዱ ተሰረዘ። አዳራሽ ለመከራየት ያሰባችሁትን ገንዘብ ለልጆች ጠባቂ ክፈሉ፤ አለዚያ ከሁሉ የበለጠ የምትናገረው ያላት ሴት ትቀራለች።

መጀመሪያ ያለውን መዝግቡ። ሄዝል ጆንሰን ባለቤቷን እ.ኤ.አ. በ1969 በሳንባ ካንሰር ካጣች በኋላ፣ በአሜሪካዋ ቺካጎ ከተማ፣ አልትጌልድ ጋርደንስ በሚባል ሠፈር ከቤት ቤት እየዞረች የጎረቤቶቿን ሕመም ትጠይቅ ነበር። እናንተም ጠይቁ፦ ምን ይሸታል? ውኃው ምን ይመስላል? ማን ታመመ? ከመቼ ጀምሮ? የመጨረሻውን ጥያቄ አትዝለሉ፤ ባለሥልጣን ፊት ስትቀርቡ መጀመሪያ የምትጠየቁት እርሱን ነው።

ከዚያ ለእያንዳንዷ ባዶ ወረቀት ስጡ። እ.ኤ.አ. ከ2050 አንድ ተራ ቀን ትምረጥና ከማለዳ እስከ መኝታ ትጻፍ። መጻፍ የማትችል ትናገር፣ ሌላዋ ትጻፍላት። «ዘላቂ»፣ «አረንጓዴ» እና «ልማት» የሚሉትን ቃላት ከልክሉ፤ ይነጫነጫሉ፣ ግን ያግዛቸዋል። «አየሩ ንጹሕ ይሆናል» የሚል ዓረፍተ ነገር ሲመጣ አትቀበሉ፤ እንዴት አወቅሽ በሏት። «ሌሊቱን መስኮት ከፍቼ ተኛሁ፤ ልጄ የአስም መድኃኒቱን የት እንዳስቀመጠው ረስቷል» ብላ ስትመለስ ሥራው ተጀምሯል ማለት ነው።

አሁን ወረቀቱን መርምሩት። ጣሪያው ላይ ያለው የፀሐይ ኃይል ማመንጫ የማን ነው? ሂሳቡ ለማን ይከፈላል? የተዘጋው ፋብሪካ ሠራተኞች የት ገቡ? ደጋግሜ የማየው አንድ ነገር አለ፦ ኃይሉ ከፀሐይ ይመጣል፣ ወንዙ ጠርቷል፣ እርሷ ግን አሁንም ለሁሉም ታበስላለች፣ ታስታምማለች፣ ታጸዳለች። እንዲህ ያለውን ወረቀት መልሱላት። ማብሰሉንና ማስታመሙን ማን እንደተጋራት ሳይታወቅ ያ ቀን ፍትሐዊ አይባልም።

ቀጥሎ ወደኋላ ቁጠሩ፦ ይህ በ2050 እንዲሆን በ2040 ምን መሆን አለበት? በ2030ስ? በሚቀጥለው ወርስ? ከእያንዳንዱ እርምጃ ጎን ውሳኔው በማን እጅ እንዳለ ይጻፍ፤ አከራይ፣ የከተማ ምክር ቤት፣ ኩባንያ። «መንግሥት» ብቻ ብሎ መጻፍ ሽሽት ነው። ስለ ካሳ መነሣቱ አይቀርም፤ እ.ኤ.አ. በ2022 በግብፅ ሻርም ኤል ሼክ በተካሄደው የተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ጉባኤ ላይ የተወሰነው፣ በአየር ንብረት ለውጥ ለተጎዱ ታዳጊ አገሮች የታሰበው የኪሳራና ጉዳት ፈንድም ይጠቀሳል። ተገቢ ነው፣ ግን ለብቻው ቀን ስጡት፤ አለዚያ የወሩን ሥራ ይውጠዋል።

ሥራ ስታከፋፍሉ ዋንጋሪ ማታይን አስቡ። እ.ኤ.አ. በ1977 በኬንያ የጀመረችው የዛፍ ተከላ ዘመቻ፣ የአረንጓዴ ቀበቶ ንቅናቄ፣ ለሚተክሉት ሴቶች አነስተኛ ገንዘብ የሚከፍለው በተተከለው ሳይሆን በጸደቀው ችግኝ ልክ ነበር። እናንተም «ደብዳቤ ይጻፋል» ሳይሆን «መልስ የያዘ ደብዳቤ ይቀርባል» ብላችሁ መዝግቡ።

ስለ ፎቶግራፍና ስለ ጽሑፎቹ ከመለያየታችሁ በፊት ተስማሙ። እ.ኤ.አ. በ2020 በስዊዘርላንድ ዳቮስ፣ በዓለም የኢኮኖሚ ፎረም ወቅት፣ ኡጋንዳዊቷ የአየር ንብረት አክቲቪስት ቫኔሳ ናካቴ ከአራት ነጭ አክቲቪስቶች ጋር ፎቶ ተነሥታ፣ አንድ የዜና ወኪል ምስሉን ሲያሰራጭ እርሷን ቆርጦ አውጥቷት ነበር። ወረቀቶቹ የጻፏቸው ሴቶች ንብረት ናቸው። ጋዜጠኛም ሆነ ተመራማሪ ቅጂ ቢጠይቅ፣ ከእያንዳንዷ የጽሑፍ ፈቃድ ያምጣ፤ ስሟ ይጠቀስ አይጠቀስ የምትወስነውም እርሷ ናት።