ደም ማነስ ሁሉ የብረት እጥረት አይደለም፦ በቬትናም ደጋ ተማሪዎች ላይ የሚሠሩ ስህተቶች

ፊቱ የገረጣ ልጅ ሲታይ እኛ ዘንድ «ደም አንሶታል፣ ቀይ ሥር ይብላ» ይባላል፤ ባለሙያው ደግሞ የአይረን እንክብል ያዛል። በቬትናም ተራራማ አካባቢዎች ይህ ልማድ ብዙ ልጆችን ያሳስታል። አገሪቱ 54 ብሔረሰቦች አሏት፤ ከሕዝቡ 85 በመቶ ያህሉ ኪን ሲሆን ከቀሩት ብዙዎቹ በተራሮቹ ላይ ይኖራሉ። እዚያ የተማሪ ደም ሲመረመር ምግብና ዘረመል አብረው ይመጣሉ።

ትልቁ ስህተት ደም ማነስን ሁሉ የብረት እጥረት ማድረግ ነው። የ9 ዓመት ልጅ የሲቢሲ (የደም ሕዋሳት ቆጠራ) ውጤት መጣ እንበል፦ ሄሞግሎቢን (ኦክስጅን ተሸካሚው የደም ፕሮቲን) በዴሲሊትር 11.0 ግራም፣ የቀይ ሕዋስ መጠን (ኤምሲቪ) 66፣ የቀይ ሕዋስ ብዛት 5.6 ሚሊዮን። በዚህ ዕድሜ ሄሞግሎቢን ከ11.5 በታች ከወረደ ደም ማነስ ነው፤ ሕዋሱም ትንሽ ነው። ብዙ ሰው እዚህ ያቆምና እንክብል ይጽፋል። ብዛቱን ግን እዩት። ብረት ያጣ መቅኒ የሚያመርተው ሕዋስ ይቀንሳል፤ የዚህ ልጅ ሕዋሳት ግን ትንንሽ ቢሆኑም ብዙ ናቸው። 66 ለ5.6 ሲካፈል 11.8 ይመጣል፤ ከ13 በታች ሲሆን ታላሴሚያን፣ ማለትም ሄሞግሎቢን በበቂ የማይመረትበትን በዘር የሚወረስ የደም ችግር፣ መጠርጠር ይገባል። የሄሞግሎቢን ኢ (በዘር የሚወረስ የሄሞግሎቢን ልዩነት) ወይም የአልፋ ታላሴሚያ ተሸካሚ ልጅ ብረቱ ሙሉ ሆኖ ሕዋሱ ትንሽ ሊሆን ይችላል። ለወራት እንክብል ቢውጥም ቁጥሩ ንቅንቅ አይልም፤ እናትየው ግን «መድኃኒቱን በትክክል አልሰጠሽውም» ተብላ ትወቀሳለች። ይህ ያሳዝነኛል። ሁለቱ ችግሮች አንድ ልጅ ላይ ሊገናኙም ይችላሉ፤ ስለዚህ ስሌቱ ለጥርጣሬ እንጂ ለውሳኔ አይበቃም።

የብረት ክምችቱን የሚነግረን ፌሪቲን የሚባለው በደም የሚለካ ፕሮቲን ነው፤ እሱንም ብቻውን ማመን ስህተት ነው። በዓለም ጤና ድርጅት መስፈሪያ ከ5 ዓመት በላይ የሆነ ጤነኛ ልጅ በሊትር ከ15 ማይክሮግራም በታች ካለው ብረት አንሶታል። ኢንፌክሽን ሲኖር ግን ፌሪቲን ክምችቱ ሳይጨምር ከፍ ስለሚል መስፈሪያው 70 ይሆናል። ስለዚህ ኢንፌክሽን ወይም ብግነት መኖሩን የሚጠቁመው ሲአርፒ አብሮ ይለካ።

አንድ የጂን ልዩነት አግኝቶ እንደ ፍርድ ማንበብም አለ። ጉበት የሚያመነጨው ሄፕሲዲን ሲበዛ ብረት ከአንጀት ወደ ደም የሚገባበትን በር ይዘጋል፤ ቲኤምፒአርኤስኤስ6 የሚባለው ጂን ሄፕሲዲንን ይገታል። በምሥራቅ እስያ የተለመደ አንድ ዓይነቱ ይህን ግታት ያላላል። ሆኖም ሄሞግሎቢንን በአማካይ የሚቀንሰው በዴሲሊትር አንድ አሥረኛ ግራም ገደማ ብቻ ነው። በባዶ እግሩ እርሻ ለእርሻ የሚሄድ ልጅ አንጀት ውስጥ ያለው መንጠቆ ትል ከዚያ የበለጠ ሊጎዳው ይችላል። «ጂኑ ነው» ብሎ የትል መድኃኒቱን መርሳት በደል ነው።

«አናሳ ብሔረሰብ» ብሎ ሁሉንም አንድ ጆንያ ውስጥ መክተትም አይገባም። በማዕከላዊው ደጋ ኤዴ በሚባለው ብሔረሰብ ዘንድ ሄሞግሎቢን ኢ በብዛት ይገኛል፤ በሰሜን ያለው የሙዎንግ ብሔረሰብ የዘረመል ሁኔታ ግን ሌላ ነው። አማካዩ ሁለቱንም ይደብቃል።

ውጤቱ ሲነገርም ጥንቃቄ ያሻል። ተሸካሚ (ከአንድ ወላጅ ብቻ ጂኑን የወረሰ) ማለት በሽተኛ ማለት አይደለም፤ ነገር ግን የአንድ ዓይነት ቤታ ታላሴሚያ ተሸካሚዎች ተጋብተው ሲወልዱ በእያንዳንዱ እርግዝና ከ4 አንድ ዕድል ልጁ በጽኑ ሊታመም ይችላል። ስለዚህ ወረቀቱ ክፍል ውስጥ በስም እየተጠራ አይታደል፤ ወላጆች ለብቻቸው ተጠርተው በገዛ ቋንቋቸው ይነገራቸው።