ዲኤስኤ ፓራሜትር ማመንጨት፦ ችግርና መፍትሄ

ይህ በዲኤስኤ (የዲጂታል ፊርማ ስልት) የሚሠራ የድሮ ሥርዓት ለሚጠግን ሰው ነው። ፓራሜትሮቹ ሦስት ቁጥሮች ናቸው፦ ፒ ትልቅ ፕራይም (ከ1ና ከራሱ በቀር አካፋይ የሌለው ቁጥር)፣ ኪው ከፒ ላይ 1 ተቀንሶ የቀረውን ያለቀሪ የሚያካፍል ሌላ ፕራይም፣ ጂ ደግሞ ከሁለቱና ከአንድ መነሻ ቁጥር የሚሰላ ቁጥር። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው የአሜሪካ መንግሥት የፊርማ ደረጃ፣ ፊፕስ 186-5፣ ዲኤስኤን የቀድሞ ፊርማ ለማረጋገጥ እንጂ አዲስ ለመፈረም አይፈቅድም።

ፕሮግራሙ 2048 ቢት ፒ ፍለጋ ገብቶ አይመለስም

ሲፒዩው 100 በመቶ ላይ ተሰቅሏል፣ የስህተት መልእክት የለም። ኮዱን ስከፍት የማገኘው ሁሌም አንድ ነገር ነው፦ ፍለጋው ከፒ ጀምሯል። መጀመሪያ ትልቅ ፕራይም ይገኛል፤ ከዚያ ከፒ ላይ 1 ተቀንሶ በቀረው ቁጥር ውስጥ 256 ቢት የሆነ ፕራይም አካፋይ ይፈለጋል። የአርኤስኤ (ሌላው የታወቀ የምስጠራ ስልት) ጥንካሬ የቆመው እንዲህ ያለውን ግዙፍ ቁጥር ወደ አካፋዮቹ መበተን ከባድ በመሆኑ ላይ ነው! ቢበተንስ፣ ልክ 256 ቢት የሆነው አካፋይ ስለመኖሩ ማን ዋስ ሆነ?

ኮዱን ሳያሳይ «ሰርቨሩ ይቀየር» የሚል አጋጥሞኛል። ሌላው ደግሞ ፒ የኪው እጥፍ ሲደመር 1 ይሁን ብሎ አቋራጭ ያገኘ መሰለው። ሁለቱም አብረው ፕራይም መሆን ስላለባቸው ፍለጋው ባሰበት። ሲያልቅም ኪው 2047 ቢት ሆኖ፣ 64 ባይት መሆን የነበረበት ፊርማ 512 ባይት ደረሰ፤ ተቀባዩ ፕሮግራም መለሰበት።

ከኪው ጀምሩ። 256 ቢት ፕራይም ከያዛችሁ በኋላ የላይኛው ቢቱ 1 የሆነ 2048 ቢት የዘፈቀደ ቁጥር አውጡ፤ ለኪው እጥፍ አካፍላችሁ ቀሪውን ቀንሱለት፣ 1 ደምሩበት። ይህ ዕጩ ፒ ነው። ከ2047 ቢት በታች ወይም እኩል ከሆነ ጣሉት። ፕራይም እስኪገኝ በአማካይ 710 ያህል ዕጩ ያልፋል፤ ስለዚህ ሁሉንም በቀጥታ ወደ ሚለር-ራቢን (ፕራይም መሆኑን የሚፈትሽ ከባድ ስሌት) አትላኩ። ከ1000 በታች ባሉ ፕራይሞች ብታካፍሉ ከአሥሩ ስምንቱ እዚያው ይወድቃሉ። 8192 ሙከራ ካለፈ ኪውንም ቀይሩ።

ማስጠንቀቂያ፦ ዕጩው ሲወድቅ 2 እየደመራችሁ አትቀጥሉ። ኪው ያለቀሪ ማካፈሉ ይቀራል፤ ፊርማውም በፈረመው ማሽን ላይ እንኳ አይረጋገጥም። መደመር ካለባችሁ የኪውን እጥፍ ደምሩ። ይህን ደግሜ እላለሁ፣ የኪውን እጥፍ!

ፒ 257 ባይት ሆኖ ይወጣል

የጃቫ ቢግኢንቲጀር (ትልልቅ ቁጥሮችን የሚይዘው ክፍል) ከፊት የጨመረው የምልክት ዜሮ ነው። ቁረጡት።

ጂ 1 ሆነ

ጂ የተሰላበትን መነሻ ቁጥር ቀይሩ።

ሁለት ማሽኖች አንድ ዓይነት ፕራይም አወጡ

የዘፈቀደ ቁጥሩ ሲድ (የሚነሳበት ዘር) ከሰዓት ተወስዷል። በሰዓት የሚዘራ ሰው ክሪፕቶግራፊ ባይነካ ይሻላል። እ.ኤ.አ. በ2008 የተገለጠው በዴቢያን (የሊኑክስ ዓይነት) ላይ የነበረው የኦፕንኤስኤስኤል (የምስጠራ ሶፍትዌር) ስህተት የዘፈቀደነቱን ምንጭ በፕሮሰስ መለያ ቁጥር ብቻ አስቀርቶት ነበር፤ ለአንድ ዓይነት ማሽንና የቁልፍ መጠን ከ32768 የማይበልጥ ምርጫ ማለት ነው። ከኦፐሬቲንግ ሲስተሙ የዘፈቀደ ምንጭ ውሰዱ፤ በዚያ ስህተት ዘመን የወጣ ቁልፍ ካላችሁም ፓራሜትሩን ብቻ ሳይሆን ቁልፉን ራሱን ጣሉት።