ድምሩ አልገጥም ሲል፦ ቁጥር መስሎ የተቀመጠ ጽሑፍ

ሰኔ ሲጋመስ ደብረ ብርሃን ያለችው የጽሕፈት ቤቴ በር ላይ ፍላሽ የያዘ ሰው ይበዛል። በጀት ሊዘጋ ነው፣ ሂሳቡ አልገጥም ብሏል። «ኤክሴል ተበላሸብኝ» ይላሉ። ኤክሴሉ ምንም አልሆነም። ሴሉ ውስጥ ያለው ነገር ቁጥር ይመስላል እንጂ ጽሑፍ ነው።

ፋይሉን ኮፒ አድርጋችሁ አስቀምጣችኋል ብዬ እቀጥላለሁ። የፎርሙላዎቹንና የሴሎቹን ስም በፊደላችን ጽፌዋለሁ፤ ኤክሴል ላይ ግን በእንግሊዝኛ ፊደል ነው የሚገቡት።

ድምሩ ዜሮ ከሆነ

ይሄ ቀላሉ ነው። ኮለሙ በሙሉ ጽሑፍ ሆኗል። ቁጥሮቹ ወደ ግራ ተጠግተዋል፣ የሴሉ ጥግ ላይ ትንሽ አረንጓዴ ምልክት አለች። የመደመሪያው ፎርሙላ፣ ሳም፣ ጽሑፍን ዘሎ ነው የሚያልፈው። ፎርማቱን ከቴክስት ወደ ነምበር መቀየር ብቻውን ዋጋ የለውም፤ የገባው እንደገባ ይቆያል። ኮለሙን ምረጡ፣ ዳታ ውስጥ ቴክስት ቱ ኮለምስ፣ ከዚያ ፊኒሽ። አለቀ።

ድምሩ ከጎደለ

ዋናው ጣጣ እዚህ ነው። ዜሮ ሲመጣ ማንም ይደነግጣል። ጥቂት ረድፎች ብቻ ሲዘለሉ ግን ድምሩ ደህና ይመስላል፣ ተፈርሞበት ይሄዳል።

ያስተማሩኝ ከእነዋሪ በኩል ጤፍና ምስር የሚያመጡ አንድ ነጋዴ ናቸው። ጋቢያቸውን እንደተከናነቡ ገብተው ደብተራቸውን ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጉት። በካልኩሌተር 1,846,300 ብር። ልጃቸው በኤክሴል የሠራው 1,790,800።

«አንተ ልጅ፣ ይሄ ማሽን 55,500 ብሬን በላኝ» አሉ።

«ጋሼ፣ ይቀመጡ» ብዬ ሻይ አዘዝኩ።

ሦስት ሻይ ጠጡ። እኔ 340 ረድፍ በዓይኔ እለቅማለሁ። ደብተሩና ኤክሴሉ አንድ ናቸው፤ አንድም ቁጥር አልተሳሳተም። በመጨረሻ ስክሪኑን አጉልቼ ሳየው ሦስት ሴሎች ላይ ኮማዋ ወፍራም ናት። 12፣500፣ 18፣000 እና 25፣000። ኮማ አይደለችም፣ ነጠላ ሰረዝ ናት! ልጁ የደንበኛውን ስም በአማርኛ ይጽፋል፣ ኪቦርዱን መመለስ ይረሳል፣ ብሩንም በዚያው ይቀጥላል። ሦስቱን ደምሩና እዩ፤ የጠፋው ብር ልክ እሱ ነው።

ከዚያ ወዲህ ይሄን ስንቴ እንዳየሁት አልቆጥርም። አሁን በዓይን አልለቅምም። መጀመሪያ ይህን አስገባለሁ፦

=ካውንትኤ(ሲ2:ሲ341)-ካውንት(ሲ2:ሲ341)

ዜሮ ካልሆነ የመጣው ቁጥር ስንት ሴል ጽሑፍ እንደሆነ ይነግራችኋል። የትኞቹ እንደሆኑ ለማወቅ አጠገቡ ባለው ኮለም =ኢዝነምበር(ሲ2) ብላችሁ ወደ ታች ጎትቱ፣ ፎልስ ያለውን ፊልተር አድርጉ። ማስተካከያው፦

=ቫልዩ(ሰብስቲትዩት(ሲ2,"፣",""))

በቅንፉ ውስጥ ክፍሎቹን የሚለያዩት ኮማዎች የእንግሊዝኛ ይሁኑ። ሰረዟን ለማጥፋት መጥታችሁ በሰረዝ ፎርሙላ ከጻፋችሁ ዞራችሁ እዚያው ናችሁ። ሳንቲሙ ፊት አራት ነጥብ (።) የገባባቸውም አሉ፤ እሱን በሌላ ሰብስቲትዩት ወደ ነጥብ ቀይሩት።

ሁለተኛው ተደጋጋሚ ጥፋት የማይታይ ክፍት ቦታ ነው። ከባንክ ገጽ ወይም ከኢሜይል ተገልብጦ የመጣ ቁጥር ጭራው ላይ ይዞት ይመጣል። ሌን ሴሉ ውስጥ ስንት ምልክት እንዳለ ይቆጥራል፤ 4500 የሚል ሴል ላይ =ሌን(ሲ2) ስትሉ 5 ካለ፣ አንድ ነገር ተደብቋል። ትሪም ያጸዳዋል ብላችሁ አትድከሙ፤ ትሪም ተራውን ክፍት ቦታ ነው የሚያውቀው፣ ይሄኛው ኮዱ 160 ነው። ብር የሚለውንም ሴሉ ውስጥ የሚጽፉ አሉ (ኧረ ተዉ! ርዕሱ ላይ አንዴ መጻፍ ምን አለበት?)። ሁሉንም ባንዴ፦

=ቫልዩ(ትሪም(ሰብስቲትዩት(ሰብስቲትዩት(ሰብስቲትዩት(ሲ2,"፣",""),"ብር",""),ቻር(160),"")))

ባዶ ሴል ላይ ስህተት ይሰጣል፤ አትደንግጡ፣ እዚያ ያለውን ፎርሙላ ብቻ አጥፉት። ሌላ ሴል ላይ ስህተት ከቀረ ግን ያቺን ሴል ሄዳችሁ እዩአት። ኢፍኤረር አስገብታችሁ በዜሮ አትሸፍኑት! ይሄን የሚያደርግ ሰው ያናድደኛል። የጋሼን 55,500 ብር ቀበራችሁት ማለት ነው።

ሲስተካከል አዲሱን ኮለም ኮፒ አድርጋችሁ በፔስት ስፔሻል ቫልዩስ በአሮጌው ላይ ለጥፉት። የካውንቱን ፎርሙላ እንደገና እዩ፤ አዲሱን ኮለም ከዚያ በፊት እንዳታጠፉ።

በዜሮ ፋንታ የእንግሊዝኛ ኦ፣ በ12 ፋንታ ፲፪ የጻፈም ገጥሞኛል፤ ኤክሴል ሁለቱንም ቁጥር አይላቸውም።

ካሳመራችሁት በኋላ ድምሩ ከጠፋ

ቴክስት የሚባለውን ፎርሙላ ተጠቅማችኋል። =ቴክስት(ሲ2,"#,##0.00") ቁጥሩን ያሳምራል፣ ግን ወደ ጽሑፍ ይመልሰዋል። ለደብዳቤ ጥሩ ነው፦ ="ጠቅላላ "&ቴክስት(ሲ342,"#,##0.00")&" ብር"። ለሚደመር ኮለም ፎርማት ሴልስ በቂ ነው።

ቀኑ አንዳንዱ ግራ አንዳንዱ ቀኝ ከሆነ

በእኛ ቀን ጽፋችኋል። 28/2/2017 ብላችሁ ጥቅምት 28ን ስትጽፉ፣ የኮምፒውተሩ ቅንብር ቀንን የሚያስቀድም ከሆነ፣ ኤክሴል ፌብሩዋሪ 28 ብሎ ይቀበላል። ጥቅምት 30 ሲሆን ፌብሩዋሪ 30 ስለሌለው ጽሑፍ ያደርገዋል። ኮለሙን ከመጀመሪያው ቴክስት አድርጉት።

ስልክ፣ የባንክ ሂሳብና ፋይዳ

እነዚህ አይደመሩም፣ ስለዚህ ጽሑፍ ሆነው ይቆዩ። ከፊት ያለው 0 የተቆረጠበት ስልክ በ=ቴክስት(ዲ2,"0000000000") ይመለሳል። የፋይዳ ካርድ ላይ ያለው ቁጥር ግን 16 አሃዝ ነው፣ ኤክሴል ደግሞ ቁጥርን ከ15 አሃዝ በላይ አይዝም። 16ኛውን 0 ያደርገዋል። ኮለሙን ቴክስት ሳታደርጉ እንዳትነኩት። አንዴ የገበሬዎች ዝርዝር ይዞ የመጣ ልጅ ነበር፤ ቁጥሮቹ ሁሉ መጨረሻቸው 0። ምን ፎርሙላ ልስጠው? ካርዶቹን እንደገና ሊሰበስብ ወደ መንዝ ተመለሰ።